የአንድ ሊትር ሒሳብ ይነገረን

ክቡራትና ክቡራን፣ ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ የታክሲ ባለንብረቶች፣ ሾፌሮችና ረዳቶች፣ ከሥራችሁ ቀርታችሁ እዚህ የተገኛችሁ ተሳፋሪዎች፤ እንደምን አደራችሁ።

የታክሲ ማኅበራችን ለዚህ መድረክ ሲወክለኝ ብዙዎቻችሁ «ብሶታችንን አንድም ሳታስቀር ንገርልን» ብላችሁኛል። ብሶቱ ብዙ ነው፤ ልዘርዝረው ብል ይመሻል። ስለዚህ ሁሉንም ከሚወልደው ከአንዱ ጥያቄ ልጀምር። አንድ ሊትር ቤንዚን ስንቀዳ ከምንከፍለው ገንዘብ ውስጥ የነዳጁ የራሱ ዋጋ ስንት ነው? ታክሱስ? የመንገድ ፈንዱስ? ከጅቡቲ ለሚያመጣው ቦቴ፣ ለኩባንያውና ለማደያው የሚደርሰውስ? ይህን በእርግጠኝነት የሚነግረን ሾፌር እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ ብዬ አላምንም። በየቀኑ የሚከፍለው ግን እሱ ነው።

ዋጋው እንዴት እንደወጣ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ ሲባል ደንግጠን ነበር። በ2017 ዓ.ም. የገና ሰሞን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆነ። ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው፤ ከዚያም ወዲህ ጭማሪው ቀጥሏል። ናፍጣውም አብሮ ወጥቷል። በነጭ ጋዝ ምድጃ ወጥ የምትሠራ እናት መኪናም መንጃ ፈቃድም የላትም፤ ጭማሪው ግን ማጀቷ ድረስ ገብቷል። ፎገራና መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ ውኃ የሚስበው በሞተር ነው፤ ሞተሩ የሚጠጣው ነዳጅ ሲወደድ ምርቱ ገና ማሳው ላይ እያለ ይወደዳል። አይሱዙው ጭኖ አዲስ አበባ ሲያደርሰው ደግሞ ሁለተኛ ይወደዳል።

ምክንያት የለውም አንልም። አገራችን የምትጠቀመው ቤንዚንና ናፍጣ ከውጭ በዶላር ተገዝቶ ይመጣል። መንግሥት ለዓመታት በመግዣውና በመሸጫው ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ሲሸከም፣ በዋጋ ማረጋጊያ ፈንዱ ላይ ዕዳ ሲቆለል፣ እኛ ከጎረቤቶቻችን በርካሽ ስንቀዳ ኖረናል፤ ያ ርካሽ ነዳጅም በድንበር እየሾለከ ይወጣ ነበር። በ2014 ክረምት ድጎማው ለሕዝብ ማመላለሻዎች ብቻ እንዲሆንና ደረጃ በደረጃ እንዲነሳ ተወሰነ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ይህን ሁሉ ሰምተናል፣ ገብቶናልም።

ያልገባን ቀጥሎ ያለው ሒሳብ ነው። እባካችሁ አብራችሁኝ አስሉ። በሰኔ 2014 መጀመሪያ ላይ አንድ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ በዓለም ገበያ ወደ 120 ዶላር ይሸጥ ነበር። ዶላሩ በባንክ 52 ብር ገደማ ነበር። ስናበዛው በርሜሉ ወደ 6,200 ብር ይመጣል። በሚያዝያ 2017 ደግሞ በርሜሉ ወደ 65 ዶላር ግድም ወርዷል፤ ዶላሩ 130 ብር አካባቢ ደርሷል። ሲበዛ 8,500 ብር አይሞላም። እንግዲህ ምንዛሪውን ቆጥረን እንኳ በርሜሉ በብር የጨመረው ከሲሶው ብዙም የማይበልጥ ነው። ማደያ ላይ የምንከፍለው ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። ድፍድፉ ተጣርቶ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ወደ 900 ኪሎ ሜትር በቦቴ ተጉዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ የእኔ ስሌት የባለሙያ ስሌት አይደለም። ሆኖም በመካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ከዚህ ልዩነት ውስጥ የተነሳው ድጎማ ስንት ነው? የቀድሞ ዕዳ መክፈያ የሆነው ስንት ነው? አዲስ ታክስ የሆነው ስንት ነው? ድጎማ ሲነሳ ሕዝብ እውነተኛውን ዋጋ ከፈለ ይባላል። ታክስ ሲጨመር ግን ሕዝብ ለመንግሥት ገንዘብ ሰጠ ማለት ነው፤ ገንዘብ የሰጠ ሰው ደግሞ ምን ላይ እንደዋለ የመጠየቅ መብት አለው። ሁለቱ ተደባልቀው «የዋጋ ማስተካከያ» በሚል አንድ ስም ሲመጡብን መጠየቂያውም ይጠፋናል። ቁጣው የሚነሳውም ከዚህ ነው።

ዋጋው የሚለወጠው ሌሊት ነው። «ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ጀምሮ» የሚለውን ማስታወቂያ ብዙዎቻችሁ ሰልፍ ላይ ሆናችሁ በስልካችሁ አንብባችኋል። ሊጨምር ነው የሚል ወሬ የተሰማ ቀን አንዳንድ ማደያ «አልቋል» ብሎ ገመድ ይዘረጋል፤ በዚያው ምሽት መንገድ ዳር በጄሪካንና በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን አይጠፋም። ባጃጅ ነጂው ልጆቹን ለማብላት ከዚያ ይገዛል። እሱ የከፈለው ትርፍ ገንዘብ ለመንግሥት ታክስ አልሆነም፣ ለመንገድ ጥገና አልሆነም፤ የአንድ ሕገወጥ ነጋዴ ኪስ ገባ። በ2017 የወጣው የነዳጅ ግብይት አዋጅ ይህን የሚያደርጉትን ለመቅጣት ከባድ ድንጋጌ ይዟል። ቅጣቱ ከጄሪካን ተሸካሚው ወጣት አልፎ ከማደያው ጓሮ የሚያወጣለት ሰው ዘንድ እንዲደርስ እንፈልጋለን።

አሁን ወደ ተሳፋሪዎቹ ልዙር፤ እዚህ ስላላችሁ ደስ ብሎኛል። በየጠዋቱ ታክሲ ውስጥ የምንጣላው እኛና እናንተ ነን። ነዳጁ ሌሊት ይጨምራል፣ ታሪፉ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል፤ በመካከል ባሉት ቀናት ባለንብረቱ የቀን ገቢውን አይቀንስም፣ ሾፌሩ ከየት ያምጣ? ይህ የሚያስጨንቅ እውነት ነው። ነገር ግን ከአያት መገናኛ የሚሄደውን መንገድ ሲኤምሲ ላይ ቆርጦ፣ ተሳፋሪ አራግፎ፣ ሁለት ጊዜ ማስከፈል መፍትሔ አይደለም። ወንድሞቼ፣ ይህን ለእናንተም ፊት ለፊት እላለሁ። ያቺ ሲኤምሲ ላይ ያወረድናት የጽዳት ሠራተኛ ደመወዟ ከነዳጁ ጋር አልጨመረም። በእኛ ላይ የተጫነውን በእሷ ላይ ብናወርደው ጥያቄያችንን ማን ይደግፍልናል? ማኅበራችን መንገድ የሚቆርጥ አባል ሲቀርብለት አይከላከልለትም፤ ይህን ባለፈው ጉባኤያችን ወስነናል።

የመኪናው ታክስም አለ። ለቦሎ እንከፍላለን፣ ለሦስተኛ ወገን መድን እንከፍላለን፣ የዓመት ግብር አለ፣ ለመለዋወጫ የከፈልነው ቀረጥ አለ። ከሁሉ በላይ ግን ሥራችንን የቀየረው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ነው። አዋጁ ያገለገለ መኪና ዕድሜው በገፋ መጠን ታክሱ እንዲከብድ አድርጓል። ዓላማው አሮጌ መኪና እንዳይገባ ነበር፤ ዓላማውን አልቃወምም። የሆነውን ግን ጎዳና ላይ እናየዋለን። አዲሱን ለመግዛት አቅም ያጣ ባለንብረት አሮጌውን ዶልፊን እየጠገነ ያሽከረክራል። ሞተር ያስወርዳል፣ ፍሪሲዮን ይቀይራል፣ ባሌስትራ ያስበይዳል። ያረጀ ሞተር ደግሞ ነዳጅ ይበላል። አየር እንዳይበከል የተጣለው ታክስ አየር የሚበክለውን መኪና ዕድሜ አራዘመው፤ ነዳጅ ሲወደድ ከማንም በላይ የሚጎዳውም ያ ባለአሮጌ መኪና ሆነ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ተበረታቱ። እነሱ የአገራችንን ኃይል ስለሚጠቀሙ ደስ ይለኛል። ለሚኒባስ ባለንብረቱ ግን የሚከፈትለት ብድር፣ ከከተማ ወጣ ሲል የሚያገኘው ቻርጅ ማድረጊያ፣ የሚጠግንለት መካኒክ ያስፈልገዋል። እነዚህ እስኪሟሉ ድረስ አሮጌው በር ተዘግቶበት፣ አዲሱም ሳይከፈትለት ደጅ ቆሟል።

ታሪካችንን የምታውቁ ሽማግሌዎች እዚህ አላችሁ። በ1966 ዓ.ም. የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት የዓለምን ነዳጅ ሲያስወድድ እዚህም ጨመረ። የታክሲው ታሪፍ ግን ባለበት ቀረ። በየካቲት ወር የአዲስ አበባ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ ሥራ አቁመው ነበር። መንግሥት ከቀናት በኋላ የነዳጁን ዋጋ ቢቀንስም ነገሩ ከነዳጅ አልፎ ስለነበር አልበረደም፤ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ወሩ ሳይወጣ ሥልጣን ለቀቀ። ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። ሥራ ማቆም ማን ላይ እንደሚወድቅ እናውቃለን፤ ሆስፒታል የሚሄድ በሽተኛና ፈተና ያለበት ተማሪ ላይ ነው። የማነሳው ያኔም ሾፌሩን ያስቆጣው የነዳጁ መጨመር ብቻውን እንዳልነበር ለማሳየት ነው። ወጪው ሲጨምርበት ገቢው በሌላ ሰው እጅ ታስሮ ነበር፤ የሚያነጋግረውም አላገኘም። እኛ ዛሬ የሚያነጋግረን አግኝተናል፤ ለዚህ መድረክ አዘጋጆች ምስጋናችን ከልብ ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀውን ልናገር። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ቀርቷል። በቴሌብር ከፍለን መልእክት ይደርሰናል፤ ስንት ብር እንደከፈልን ይመዘገባል። አሠራሩ እስከዚህ ከተዘረጋ በዚያው መልእክት ላይ ጥቂት መስመር መጨመር አይከብድም። የነዳጁ መግዣ ይህን ያህል፣ ታክሱ ይህን ያህል፣ የመንገድ ፈንዱ ይህን ያህል፣ ማጓጓዣና ትርፉ ይህን ያህል። ዋጋ በተቀየረ ቁጥርም ከቀድሞው የቱ እንደጨመረ የሚያሳይ አንድ ገጽ ማብራሪያ ከማስታወቂያው ጋር ይውጣ። በየማደያው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ስማርት ስልክ የሌለው ገበሬም ያንብበው።

የመንገድ ፈንድን ለብቻው ላንሳ። ይህ ፈንድ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በየሊትሩ ላይ ከምንከፍለው ይሰበሰባል፤ ሥራው መንገድ ማስጠገን ነው። ከታክሶች ሁሉ ሾፌር ሳያጉረመርም ሊከፍለው የሚችለው ይህ ነው፤ ምክንያቱም መንገዱን ያውቀዋል። ጎማውን የሚቀደው ጉድጓድ የት እንዳለ፣ ከስንት ክረምት ጀምሮ እንዳለ ያውቃል። በየዓመቱ የተሰበሰበው ስንት እንደሆነና በየትኞቹ መንገዶች ላይ እንደዋለ በየክፍለ ከተማው ይነገረን። ያ ጉድጓድ ሲደፈን ያየ ሾፌር ለጎረቤቱ ይመሰክራል።

ሌላው ታሪፉ ነው። ነዳጅ በጨመረ ዕለት የታክሲው ታሪፍም በታወቀ ቀመር አብሮ ይስተካከል፤ ነዳጅ ሲቀንስም አብሮ ይቀንስ። ቀመሩን ተሳፋሪዎች፣ ባለንብረቶችና መሥሪያ ቤቱ አንድ ላይ ተቀምጠው ይሥሩት። ቅናሹን ተሳፋሪው እንደሚያገኝ ማኅበራችን በጽሑፍ ቃል ይገባል፤ ፊርማችንን አስቀምጠናል። ባለንብረቶችን ያሳመንነው በብዙ ክርክር ነው፤ ሆኖም ተስማምተዋል።

ይህ ጥያቄ በደብዳቤ ተጽፎ ከፊታችሁ ቀርቧል። ሁለተኛው ገጽ ላይ የቴሌብሩ መልእክት ምን ሊመስል እንደሚችል በናሙና አስቀምጠናል። ቁጥሮቹን ባዶ ትተናቸዋል፤ የምትሞሉልን እናንተ ናችሁ። ከሰዓት በኋላ በሚኖረው ውይይት ከዚያ ገጽ እንድንጀምር እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።