እኔ ጋ ይሠራል

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ጅማ ላይ ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። ከበስተኋላ የምትሰሙት የቤቴ ቆርቆሮ ነው እንጂ ማይኩ ተበላሽቶ አይደለም። መብራት ከሄደ በላፕቶፑ ባትሪ እንቀጥላለን። ባትሪውም ካለቀ፣ እንግዲህ እዚያው ላይ እንለያያለን።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳልኩት ቆጥሬ አልጨርሰውም። «እኔ ጋ ይሠራል።» ደንበኛ «ፕሮግራምህ ተበላሸ» ሲለን የምንመልሳት ናት። ፕሮግራም የምትጽፉ ሰዎች ገና ስጀምር ሳቃችሁ መሰለኝ።

ለማያውቁኝ፣ ኑሮዬ ለሱቅ፣ ለመጋዘን፣ ለመድኃኒት ቤት የዊንዶውስ ፕሮግራም እየሠሩ መሸጥ ነው። ቋንቋዬ ሲ ሻርፕ ነው፤ መስኮቱንና በተኑን የምሠራበት ደግሞ ዊንፎርምስ። አዎ፣ በፈረንጅ 2002 ላይ ከመጀመሪያው ዶት ኔት፣ ከማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ፣ ጋር የወጣው ዊንፎርምስ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ያሉ ተማሪዎች «አሁንም በዚህ ትሠራለህ እንዴ?» ይሉኛል። እሠራለሁ። መርካቶ ብትገቡ ጠረጴዛው ላይ ያለው ዊንዶውስ ነው፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ባለሱቁ ኔትወርክ ጠፋ ብሎ ሽያጭ አያቆምም።

ኅዳር 2012 ላይ ለአንድ ቡና አቅራቢ የመጋዘን ፕሮግራም ሠራሁ። ኅዳር ጅማ ላይ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ቡና የሚለቀምበት፣ እሸቱም ጀንፈሉም በመኪና የሚጎርፍበት ወር ነው። ፕሮግራሙ ላይ የምትጽፈው አንዲት እትዬ ነበሩ፤ እናቴን የሚሆኑ፣ ሃያ ዓመት በደብተር ሲመዘግቡ የኖሩ ሴት። ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን ጫንኩላቸው፣ አሳየኋቸው፣ ቡና ጠጥቼ ወጣሁ። 12 ቀን ሙሉ ምንም ስልክ የለም። እኔማ ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው።

ኅዳር 13፣ የኅዳር ሲታጠን ማግስት፣ ከተማው ገና ጭስ ጭስ እያለ ስልኬ ጮኸ። «ልጄ፣ ይሄ ነገርህ ዛሬ ቀኑን አልቀበልም አለኝ።» ላፕቶፔን ከፈትኩ፣ 13/03/2012 ብዬ ጻፍኩ፣ ገባ። «እትዬ፣ እኔ ጋ ይሠራል።» እሳቸው ዝም አሉና፣ «አንተ ጋ ቢሠራ ለኔ ምን ይፈይድልኛል? መኪናው በር ላይ ቆሟል» አሉኝ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ? የእኔ ዊንዶውስ ቀን የሚያነበው በእንግሊዝ አጻጻፍ ነው፤ ቀን ይቀድማል፣ ወር ይከተላል። የእሳቸው ኮምፒውተር በአሜሪካ አጻጻፍ ላይ ነበር፤ ወር ይቀድማል። እኔ ደግሞ «ዴት ታይም ፓርስ» ብዬ ብቻ ጽፌ ትቼዋለሁ። ይቺ ትእዛዝ የትኛው ይቅደም የሚለውን የምትወስነው የኮምፒውተሩን ሴቲንግ አይታ ነው። ስለዚህ 13 ቁጥርን ወር ነው ብላ ወሰደችው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 13ኛ ወር የለም፣ ኢረር ወጣ።

ወዲያው ገባኝ። በስልክ ወደ ኮንትሮል ፓነል መራኋቸው፣ ሪጅን የሚለውን አስቀየርኳቸው፣ 13 ገባ። መኪናው ተራገፈ። በአምስት ደቂቃ ፈታሁት ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንደገና ደወሉ። «የትናንትናዎቹ የት ሄዱ?»

አሁን አስቡት። ከኅዳር 1 እስከ 12 ያስገቡት ሁሉ ያለ ምንም ኢረር ገብቷል። ግን 05/03 ብለው ሲጽፉ ዳታቤዙ የመዘገበው ሜይ 3 ብሎ ነው። ማሳያውም በዚያው በአሜሪካ አጻጻፍ ስለሚያሳይ፣ ስክሪኑ ላይ ልክ እንደጻፉት 5/3 ብሎ ይመለስላቸዋል፤ እሳቸው በምን ይጠርጥሩ? እኔ ሴቲንጉን ሳስቀይራቸው ሁሉም ተገለበጠ። ቀኑና ወሩ እኩል ስለሆነ ብቻ የተረፈችው ኅዳር 3 ናት። ማለትም ፕሮግራሙ ኅዳር 13 ላይ አልተበላሸም፤ ኅዳር 13 ላይ ተናገረ። ሲበላሽ የነበረው እኔ ደረቴን ነፍቼ በምሄድባቸው 12 ቀናት ነው።

ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። እትዬ መስመር ደብተራቸውን አውጥተው ጠበቁኝ። ለካ አላመኑኝም! ለፕሮግራሙ እየጻፉ በጎን በደብተርም ይጽፉ ነበር። እሳቸው እያነበቡ እኔ እያረምኩ እስኪመሽ ተቀመጥን፤ ኩንታሉን፣ የአምጪውን ስም፣ ቀኑን። ያ ደብተር ባይኖር ምን እንደማደርግ እግዜር ይወቀው።

ቤቴ ስመለስ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አጻጻፉን ባስተካክለውም ነገሩ ከሥሩ ጠማማ ነው። የኢትዮጵያን ቀን በፈረንጅ ቀን ሳጥን ውስጥ አስገብቻለሁ። በእኛ ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው፤ ጥቅምት 30 በፈረንጁ ሳጥን ፌብሩዋሪ 30 ይሆናል፤ እንዲህ የሚባል ቀን ደግሞ የለም። ጳጉሜማ ጨርሶ ቦታ የላትም። እሺ በአማርኛ ሴቲንግ ላድርገው ብትሉም አያድናችሁም፤ ዶት ኔት የሂጅራ፣ የዕብራይስጥ፣ የታይላንድ ቡድሂስት ካሌንደር ይዞ ይመጣል፣ የኢትዮጵያን ግን አልያዘም። አሁን የማደርገው፣ ዳታቤዝ ውስጥ የማስቀምጠው የፈረንጁን ቀን ብቻ ነው፤ የእኛን ቀን ስክሪን ላይ ሲገባና ሲወጣ በራሴ ስሌት እቀይረዋለሁ። ጽሑፍን ወደ ቀን ስቀይርም አጻጻፉን ራሴ ቆርጬ እነግረዋለሁ፤ ለኮምፒውተሩ ምርጫ አልተውለትም።

ሌላው ታሪክ ደግሞ የሚነጣው መስኮት ነው። ታውቁታላችሁ፤ አንድ ነገር ትነካላችሁ፣ መስኮቱ ይነጣል፣ ከላዩ ላይ «ኖት ሬስፖንዲንግ» ይጽፋል። ሰው ፕሮግራሙ ሞተ ይላል። አልሞተም፣ ሥራ ላይ ነው። አንድ መስኮት ያለው ፕሮግራም ሚዛን ላይ እንደተቀመጠ አንድ ሠራተኛ ነው በሉት። ሰልፉን የሚያስተናግደው እሱ ነው፤ የማውዙን ክሊክ፣ የኪቦርዱን ፊደል፣ «ራስህን እንደገና ሳል» የሚለውን ትእዛዝ፣ ሁሉንም በተራ። እናንተ ይህንኑ ሰው «ሂድና ከጓሮ መጋዘን የዓመቱን ሪፖርት አምጣ» ብላችሁ ላካችሁት። ሰልፉ ቆመ። ዊንዶውስ 5 ሰከንድ ያህል ይጠብቃል፤ ከሰልፉ ማንም ካልተስተናገደ ያንን የነጣ መስኮት ከላዩ ይለጥፍበታል።

እኔ ቤት ዳታቤዜ ውስጥ 40 መዝገብ ነው ያለው። ሪፖርቱ ዓይን ሳይርገበገብ ይወጣል። ደንበኛው ጋ 40 ሺህ ሲሆን ነጣ። ሰው ደግሞ መስኮቱ ገና ሳይነጣ ዝም ሲልበት ምን ያደርጋል? ደጋግሞ ይጫናል። እያንዳንዷ ክሊክ ሰልፉ ላይ ትቆማለች፤ ሰውየው ሲመለስ ሁሉንም በተራ ያስተናግዳቸዋል። አንድ ደረሰኝ አራት ጊዜ ሲመዘገብ ያየሁት እንዲህ ነው።

መፍትሔው ከባዱን ሥራ ለሌላ ትሬድ፣ ማለትም ጎን ለጎን ለሚሠራ ሌላ ሠራተኛ፣ መስጠት ነው። ሰጠሁ። አሁን ደግሞ ኮድ የምጽፍበት ቪዥዋል ስቱዲዮ ጮኸብኝ፦ ከሌላ ትሬድ ላይ ሆነህ የስክሪኑን ሳጥን መንካት አትችልም። ትክክል ነው፤ ሚዛኑን የሚነካው ባለሚዛኑ ብቻ ነው፤ ሌላው በ«ኢንቮክ» መልእክት ይልክለታል። እኔ ግን ያኔ ቸኩያለሁ። ያንን ቁጥጥር የምታጠፋ አንዲት መስመር አገኘሁ፣ ጻፍኳት፣ ጩኸቱ ቆመ። ይህን ዛሬ በአደባባይ ስናገር ያሳፍረኛል።

የገረመኝን ልንገራችሁ። ያ ቁጥጥር እኮ ድሮም የሚበራው ዲባገር፣ የስሕተት መፈለጊያው፣ ሲያያዝ ነው፤ ማለትም እኔ ጋ ብቻ። ደንበኛው ጋ ሲሄድ ባላጠፋውም ዝም ይላል፤ አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን ሠንጠረዡ ግማሹ ባዶ ይሆናል፣ አንዳንድ ቀን ድብን ይላል። ያን ጊዜ ቢገባኝ ኖሮ «እኔ ጋ ይጮኻል» ማለት ትልቅ ስጦታ ነበር። አፉን ዘጋሁት።

የቀሩትን በሩጫ ላንሳቸው። የአማርኛ ስም አስገብታችሁ የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ከተመለሰ፣ ብዙውን ጊዜ በማይክሮሶፍቱ ዳታቤዝ በኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ዓምዱን ቫርካር አድርጋችሁታል፤ የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዘው ኤንቫርካር መሆን አለበት። የተመዘገበው ግን አይመለስም፣ ፊደሉ ጠፍቷል። እኔ ይህ ለምን አመለጠኝ? ስሞክር የማስገባው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል «ቴስት 1»፣ «ቴስት 2» ነበራ! የኦፊስን ዳታቤዝ፣ የአክሰስ ፋይል፣ ስትከፍቱ «ፕሮቫይደሩ (ፋይሉን የሚያነብለት) አልተመዘገበም» ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራማችሁ 64 ቢት ሆኖ ኦፊሱ 32 ቢት ነው፣ ወይም ተገላቢጦሹ። ዳታውን ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ለመጻፍ አትሞክሩ፤ ከቪስታ ወዲህ ተራ ተጠቃሚ እዚያ መጻፍ አይችልም። አሮጌ 32 ቢት ፕሮግራም ከሆነማ ዊንዶውስ በዝምታ ፋይሉን ወደ ተጠቃሚው የግል ቦታ ያዛውረዋል፤ የጠዋቷ ገንዘብ ያዥ የመዘገበችውን የከሰዓቱ ልጅ በራሱ ስም ሲገባ አያየውም። በዚህ ሁለት ሰዎች ሊጣሉ ሲሉ ደርሻለሁ። ፍለጋ ላይ ደግሞ ፀሐይን በ«ጸ» እና በ«ሀ» የጻፈ ሰው ምንም አያገኝም፤ ለኮምፒውተሩ ሌላ ፊደል ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን አንድ የሚያደርግ ዓምድ ለፍለጋ ብቻ ለይቼ አስቀምጣለሁ።

አንዷን ግን በሩጫ አላልፋትም። ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት በኋላ ስክሪኑ የሚበጣጠስ ፕሮግራም ነበረኝ። በተኑ ይጠፋል፣ ጽሑፉ ይነጣል፣ ዘግተው ሲከፍቱት ይድናል። እኔ ቤት ሳምንት ሙሉ ብሞክር አንዴም አልታየኝም። ሄጄ ቁጭ ብዬ ሳይ፣ ሠራተኛዋ ጠዋት ከፍታ ማታ ነው የምትዘጋው። እኔ በየአምስት ደቂቃው ነበር የምዘጋው፣ ኮድ እየቀየርኩ። ታስክ ማናጀር ላይ «ጂዲአይ ኦብጀክትስ» የሚል፣ ፕሮግራሙ ለመሳል የያዛቸውን ነገሮች የሚቆጥር ዓምድ አለ፤ ተደብቋል፣ በራይት ክሊክ ታወጡታላችሁ። አወጣሁት። በእያንዳንዱ ደረሰኝ ቁጥሩ ይወጣል፣ አይወርድም። ዊንዶውስ ለአንድ ፕሮግራም በነባሪ የሚፈቅደው 10,000 ነው። ለደረሰኙ የምሠራትን ምስል ለዊንዶውስ አስረክቤ መልሼ አልሰርዛትም ነበር፤ ያለቀለትን ሜሞሪ የሚያነሳው የዶት ኔት ቆሻሻ ሰብሳቢ ደግሞ እንዲህ ዓይነቷን አያነሳም፣ «ዲሊት ኦብጀክት» ብላችሁ ራሳችሁ መጣል አለባችሁ። አንዲት መስመር ጨመርኩ፣ አለቀ። ሁለት ወር ሙሉ ግን ኮምፒውተራቸውን ነበር የማማው፤ «አሮጌ ነው፣ ራም ጨምሩ» እያልኩ። ጨምረውም ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ።

ኢረር ስትይዙ ባዶ «ካች» ጽፋችሁ አትለፉ የሚለውን ሁሉም ይነግራችኋል፤ እኔም ሰምቼ ጽፌዋለሁ። አሁን ቢያንስ አንዲት መስመር ፋይል ላይ ትጻፋለች። ይህም ከሌለ የዊንዶውስ የራሱ መዝገብ፣ ኢቨንት ቪውወር፣ አለ፤ አፕሊኬሽን የሚለው ውስጥ ቁጥር 1026 እና 1000ን ፈልጉ፣ የዶት ኔት ፕሮግራም ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ዱካ ይተዋል። ሰው «4 ሰዓት ላይ ጠፋ» ካላችሁ ደግሞ 10:00 ላይ ፈልጉ። አትሳቁ፤ ሌሊት እንቅልፍ የነሣው ሰው ይሳሳታል፣ እኔ 4:00 ላይ ግማሽ ሰዓት ፈልጌያለሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ገዝቼ ጥግ ላይ አስቀምጫለሁ። ሆን ብዬ እኔን እንዳይመስል አድርጌዋለሁ፤ የአሜሪካ ቀን፣ አድሚን ያልሆነ ተጠቃሚ፣ ፊደሉ 125 ፐርሰንት የተነፋ፣ ቪዥዋል ስቱዲዮ የሌለበት። ፕሮግራሙ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ላይ ነው። ባለቤቴ «አማት» ብላ ስም አውጥታለታለች፤ ምንም ብትሠራለት አይወድም።

ግን አማትም ሁሉን አያውቅም። አሁን እጄ ላይ ያለ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ አለ፤ ፕሮግራሙ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ይንቀራፈፋል። ሌላ ቀን ምንም የለውም። ሐሙስ የገበያ ቀን ነውና ሰው ስለሚበዛ ነው ብዬ አማት ላይ ሺህ ሽያጭ በአንዴ ለቀቅኩበት፤ ፍንክች አላለም። ባለሱቁን «እኔ ጋ ይሠራል» ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት። ነገ ሐሙስ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ሱቁ ሲከፈት፣ በርጩማ ይዤ ባንኮኒው ጀርባ እቀመጣለሁ ብዬዋለሁ። «ቁርስ ሳትበላ ና» ብሎኛል።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፤ ሳይሄድ ፋይሉን ሴቭ ላድርገው። ደህና ሁኑ።