ለዝሆኔ ሕሙማን ሳሙናም መድኃኒት ነው

የተከበራችሁ የወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ዛሬ እንደ ነርስ የምናገረው በሕዝባችን ዘንድ ዝሆኔ ስለሚባለው፣ በሕክምናው አጠራር ፖዶኮኒዮሲስ ስለተሰኘው የእግር እብጠት ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በትንኝ ከሚመጣው ዝሆኔም የተለየ ነው። መነሻው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው የደጋና የወይና ደጋ ቀይ አፈር ሲሆን፣ ለዓመታት በባዶ እግሩ በሚሠራ ሰው ቆዳ ውስጥ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ እየገባ ከእግር ፈሳሽ የሚመልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎቹን ይጎዳል። በአንዳንድ ቤተሰብ የሚደጋገመው በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት ስላለ እንጂ እርግማን ስለሆነ አይደለም፤ ይህን አጥብቄ የምናገረው በዚህ ሰበብ ስንት ልጃገረድ ሳትዳር እንደቀረች ሁላችንም ስለምናውቅ ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ለሕክምና ተራ ከሚጠብቁት ሁሉ ኋላ፣ እግራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ሸፍነው ተቀምጠው አገኘኋቸው። እግራቸውን በውኃና በሳሙና አጠብን፣ በጣቶቻቸው መካከል የደረቀውን ጭቃ በጨርቅ አወጣን፣ ጥቂት በረኪና ጠብ ባለበት ውኃ ዘፈዘፍን፣ አድርቀን ቫዝሊን ቀባን። ስንጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ሳሙናው ሲያልቅ ወዴት ልሂድ?» ለዚህ ጥያቄ የምሰጣቸው መልስ አልነበረኝም።

በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ እግርን አጥቦ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ተደምረው ሕዝቡ ምች የሚለውን፣ ያበጠውን እግር በድንገት እያቃጠለ በትኩሳት የሚጥለውን አጣዳፊ ሕመም ከአምስት አንድ እጅ ያህል ቀንሰዋል። ትንሽ የሚመስለው ካለ፣ ምች የጣለው ገበሬ ለቀናት ከመደብ እንደማይነሣና በአጨዳ ወቅት የእነዚያ ቀናት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ያስብ።

ስለዚህ ጤና ኬላዎቻችን ሳሙናን፣ በረኪናን፣ ቫዝሊንንና ፋሻን እንደማንኛውም መድኃኒት በየወሩ የሚጠይቁት ዕቃ እንዲሆን፣ በሳምንት አንድ ቀንም ለእግር እንክብካቤ እንዲመደብ እጠይቃለሁ። የጫማው ነገር ከሁሉ ይከብደኛል። ገበያ ላይ ያለው ጫማ ያበጠ እግር አያስገባም፤ ሕመምተኛው ገንዘብ ቢኖረው እንኳ የሚገዛው የለም። በከተማችን ቆዳ የሚሰፉ ባለሙያዎች አሉ፤ ጽሕፈት ቤቱ የዘንድሮውን የግዢ ዕቅድ ሳይዘጋ ከእነርሱ ጋር ይነጋገርልን፤ የየሕመምተኛውን እግር ልኬት እኛ ነርሶች ቤት ለቤት ሄደን እናመጣለን።

አመሰግናለሁ።