ከጊት ላይ ፋይል ማጥፋት፦ «አጠፋሁት» ያልሁት የይለፍ ቃል

እሷ፦ ውድ አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የምንወያየው በተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በምናስገባበት መስኮት፣ አንድን ፋይል ከጊት ሪፖዚተሪ እንዴት እንደምናስወጣ ነው። ጊት የኮድን ለውጦች እየመዘገበ የሚይዝ ፕሮግራም ሲሆን፣ ሪፖዚተሪ ደግሞ ፕሮጀክቱ ከነለውጥ ታሪኩ የሚቀመጥበት ማኅደር ነው። ወንድሜ፣ «ጊት አርኤም» ከሚለው ትእዛዝ እንጀምር?

እሱ፦ እንጀምራለን፤ አስቀድሜ ግን ይህን ርእስ ለምን አጥብቄ እንደጠየቅሁ ልንገርሽ። ሥራ በጀመርሁበት ዓመት፣ የዳታቤዙ የይለፍ ቃል የተጻፈበትን «ዶት ኢኤንቪ» የተባለውን ፋይል ሳላስተውል ከሌላው ኮድ ጋር ኮሚት አድርጌ፣ ማለትም ጊት ላይ መዝግቤ፣ ፑሽ አደረግሁት፤ ወደ ጋራው ሰርቨር ላክሁት ማለት ነው። በማግስቱ ሳየው ደነገጥሁ፤ ፋይሉን አጥፍቼ፣ «አላስፈላጊ ፋይል ተወግዷል» የሚል መልእክት ጽፌ ደግሜ ፑሽ አደረግሁና እፎይ ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

እሷ፦ ፋይሉ ግን ከታሪኩ አልወጣም።

እሱ፦ አልወጣም። ከሦስት ወር በኋላ አንድ አዲስ ባልደረባ ኮዱን ለመረዳት የኮሚቶችን ዝርዝር የሚያሳየውን «ጊት ሎግ»ን ሲያገላብጥ ያ መልእክቴ ዓይኑ ገባ፤ ከእሱ በፊት የነበረውን ኮሚት ቢከፍተው የይለፍ ቃሉ አንድም ፊደል ሳይጎድልበት ተቀምጧል። ጊት ኮሚት ባደረግን ቁጥር ፕሮጀክቱን በዚያች ሰዓት እንደነበረ መዝግቦ ያኖራል። ማጥፋታችንም ለእሱ አንድ ተጨማሪ መዝገብ ነው እንጂ የቀደመውን አይፍቅም። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊኑክስ ስርዓተ ክወና ከርነል (እምብርት) ሥራ ጊትን ሲጽፍ፣ የተመዘገበ ነገር ሳይታወቅ እንዳይበላሽ አጥብቆ አስቦበታል፤ የእኔም ስሕተት በዚያው ጥንካሬ ተጠብቆ ቆየ።

እሷ፦ እንግዲያው ታሪኩን እንደ አዲስ መጻፍ ነበረብህ። «ጊት ፊልተር ሪፖ» የተባለው መሣሪያ አንድን ፋይል ከኮሚቶች ሁሉ ያወጣዋል።

እሱ፦ በዚህ አልስማማም። መጀመሪያ መቀየር ያለበት የይለፍ ቃሉ ነው፤ ሪፖዚተሪውን ክሎን ያደረገ፣ ማለትም ወደ ኮምፒውተሩ የገለበጠ ሁሉ ሙሉ ታሪኩን በእጁ ይዟልና። በዚያ ላይ የአንዱ ኮሚት መለያ ከቀዳሚው መለያ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ አንድ የቆየ ኮሚት ሲነካ ከእሱ በኋላ የመጡት ሁሉ መለያቸው ይለወጣል፤ የቡድኑ አባላት በሙሉ እንደገና ክሎን ማድረግ ይኖርባቸዋል። አንዱ ብቻ የድሮውን ቅጂ ከአዲሱ ጋር መርጅ አድርጎ፣ ማለትም አዋህዶ፣ ፑሽ ቢያደርግ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው።

እሷ፦ የይለፍ ቃሉ ይቅደም በሚለው እስማማለሁ። ፋይሉ የደንበኞችን ስልክ ቁጥር የያዘ ቢሆንስ? የሰውን ስልክ ቁጥር እኛ ልንቀይረው አንችልም።

እሱ፦ በዚህስ ረትተሽኛል፤ እንዲህ ላለው ታሪኩን እንደ አዲስ መጻፍ ግድ ይላል። ለይለፍ ቃል ግን አሁንም ከሐሳቤ አልወጣሁም፤ አስቀድሞ ይቀየር።

እሷ፦ የትልልቅ ፋይሎችም ጉዳይ አለ። የጊት ሪፖዚተሪዎች የሚቀመጡበት ድረ ገጽ ጊትሃብ ከ100 ሜጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ በሚቀጥለው ኮሚት ብናጠፋው እንኳ የቀደመው ኮሚት ተሸክሞት ስለሚሄድ ፑሹ እንደገና ይከለከላል።

እሱ፦ ገና ፑሽ ካልተደረገና ፋይሉ የገባው በመጨረሻው ኮሚት ከሆነ ግን ቀላል ነው። «ጊት አርኤም ዳሽ ዳሽ ካሽድ» ብለን ፋይሉን እናስወጣና «ጊት ኮሚት ዳሽ ዳሽ አሜንድ» እንላለን፤ ይህ የመጨረሻውን ኮሚት ፋይሉ በሌለበት ኮሚት ይተካዋል።

እሷ፦ አድማጮቻችን ትእዛዙን ከመጀመሪያው እንድታብራራላቸው እየጠበቁ ናቸው።

እሱ፦ ልክ ነሽ፣ እህቴ። «ጊት አርኤም» ብለን የፋይሉን ስም ስናስከትል፣ ፋይሉ ከጊት ክትትልም ከፎልደራችንም ይወጣል፤ ለውጡ የሚመዘገበው ኮሚት ስናደርግ ነው። ለፎልደር «ዳሽ አር» ይጨመራል። «ዳሽ ኤን» ብንጨምር ደግሞ ምንም ሳያጠፋ የሚጠፋውን ብቻ ይዘረዝርልናል። ፋይሉ ኮሚት ያልተደረገ ለውጥ ካለበት ጊት እምቢ ይላል፤ ያን ጊዜ በችኮላ «ዳሽ ኤፍ» መጨመር አደገኛ ነው፤ ያ ለውጥ በየትኛውም ኮሚት ውስጥ የለምና። ፋይሉ በኮምፒውተራችን እንዲቆይ ከፈለግን፣ ቅድም ያልሁትን «ዳሽ ዳሽ ካሽድ» ጨምረን ስሙን ጊት እንዳይከታተላቸው የምንፈልጋቸው ፋይሎች በሚዘረዘሩበት «ጊትኢግኖር» ውስጥ እናሰፍራለን። «ጊትኢግኖር» ብቻውን ግን አስቀድሞ ክትትል ውስጥ የገባን ፋይል አያስወጣም።

እሷ፦ «ካሽድ» የሚጠብቀውም የእኛን ቅጂ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ እኔ እንዲሁ አድርጌ ፑሽ ሳደርግ፣ ጠዋት ፑል ያደረጉ፣ ማለትም አዲሱን ለውጥ ከሰርቨሩ ያመጡ ሁለት ባልደረቦቼ ፋይሉ ከፎልደራቸው ጠፍቶ ፕሮግራሙ አልነሳ አላቸው።

እሱ፦ እንዴት መለሳችሁት?

እሷ፦ «ጊት ሪስቶር» ብለን፣ በ«ዳሽ ዳሽ ሶርስ» ከመጥፋቱ በፊት የነበረውን ኮሚት ጠቅሰን አወጣነው። የአንተ ፋይልስ መጨረሻው ምን ሆነ?

እሱ፦ ዛሬም እዚያው ታሪኩ ውስጥ አለ። የይለፍ ቃሉን ግን ባልደረባዬ ባሳየኝ ዕለት ማታውኑ ቀየርነው፤ አሁን ያገኘው ሰው ቢሞክረው የትም አያስገባውም።