ቦታው ከተወሰነ በኋላ የሚጠራው ባለሙያ

የተከበራችሁ የድርጅት ሥራ አስኪያጆች፣ የቦርድ አባላት፣ የንብረትና ጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊዎች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ደብረ ማርቆስ መጥቼ ስለ ቦታና ስለ ሕንፃ እንድናገር ስትጋብዙኝ ከልብ ደስ ብሎኛል። ከብዙ ዓመት በፊት፣ በአንድ የገንዘብ ተቋም የንብረት አስተዳደር ክፍል ወጣት ሠራተኛ ሳለሁ፣ የመጀመሪያዬን የኪራይ ውል ያስፈረምኩት በዚህችው ከተማ ነው፤ የመጀመሪያ ስህተቴንም ያየሁት እዚሁ ነው። ዛሬ የምለው ሁሉ ከዚያ ስህተት የመነጨ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር።

ትእዛዙ አጭር ነበር። ማኔጅመንቱ ቅርንጫፍ እንዲከፈት ወስኗል፤ ለኪራይ የተያዘው በጀት ይህን ያህል ነው፤ በወር ጊዜ ውስጥ ቤት ፈልግ የሚል። ደላሎች ይዘውኝ ዞሩ። እኔም የካሬ ሜትሩን ዋጋ ሳነጻጽር ሰንብቼ ከሁሉም የረከሰውን፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ያለውን ሰፊ ክፍል መረጥኩ። የሁለት ዓመት ኪራይ በቅድሚያ ተከፈለ፣ ግድግዳው ተቀባ፣ ካዝናው በስንት ሰው ትከሻ ደረጃውን ወጣ። ከበጀቱ ስላተረፍኩም ተመሰገንኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የጄኔሬተር ጉዳይ ልጨርስ ተልኬ መጣሁ። ቀኑ ቅዳሜ፣ ገበያ የቆመበት ነበር። ደረጃው ሥር ቆሜ ሳለሁ አንድ አዛውንት ጤፋቸውን ሸጠው፣ አህያቸውን እየነዱ ደረሱ፤ ገንዘቡን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረውታል። አህያዋን የሚይዝላቸው ሰው የለም። ዘበኛው ዱላቸውን በር ላይ እንዲያኖሩ ነገራቸው። እርሳቸው ጠባቡን ደረጃ ቀና ብለው አዩት፣ ቋጠሮውን በእጃቸው ዳበስ አደረጉ፣ አህያቸውንም መልሰው ነዱ። ተከትዬ «አባባ፣ ምነው ተመለሱ?» ብላቸው፣ «የኔ ልጅ፣ ለጉልበቴም ለአህያዬም አይሆንም» አሉኝ፤ ገንዘቡንም እንደ ወትሮው የሚያውቁት ባለሱቅ ዘንድ ሊያስቀምጡ ሄዱ። በዚያ ቀን እስከ እኩለ ቀን እዚያው ቆሜ ቆጠርኩ። ከገበያ ተመልሰው ያን ደረጃ የወጡ ገበሬዎች ከአንድ እጄ ጣቶች አልበለጡም።

የተቋሙ የዚያ ዓመት ትልቁ ግብ የገበሬውን ቁጠባ መሰብሰብ ነበር። ይህን ግብ ለእኔ የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ግቡን የጻፉት ሰዎች ደግሞ ደረጃውን አላዩትም። ውሉ ሲያበቃ ቅርንጫፉ መሬት ላይ ወዳለ፣ ኪራዩ ከፍ ወዳለ፣ ፊት ለፊቱ አህያ የሚያስቆም ሜዳ ወዳለው ቤት ተዛወረ። እስከዚያ ድረስ ግን ሁለት ዓመት አልፎ ነበር።

በብዙ ድርጅቶቻችን የንብረት ኃላፊ ማለት ቧንቧ ሲፈስ፣ ቁልፍ ሲጠፋ፣ አከራይ ዋጋ ልጨምር ሲል የሚፈለግ ሰው ነው። እነዚህን ሥራዎች አላቃልልም፤ የፈሰሰ ቧንቧ የአሥር ዓመት ሰነድ ሲያበሰብስ አይቻለሁና። የሚያሳስበኝ ሰውዬው የሚጠራበት ሰዓት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ የት እንደሚከፈት፣ ለማን እንደሚከፈት፣ ለስንት ዓመት እንደሚከፈት ሁሉ ከተወሰነ በኋላ የሚመጣ ባለሙያ ዋጋ ከመከራከር ያለፈ ነገር ሊያደርግ አይችልም።

የጎጃም ነጋዴ ቦታን እንዲህ አሳንሶ አያይም ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከየጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ ከዓባይ ደቡብ ካሉት ከጊቤ አገሮች በዓባይ መሻገሪያ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ፣ ከሰሜን ከሚወርደው አሞሌ ጨውና ጨርቅ ጋር የሚገናኝበት ሥፍራ ነበር። የነጋዴዎቹ ቅፍለት የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ደጋው ላይ ሲወጣ ማረፍ አለበት፤ ገበያውም የቆመው እዚያው፣ በረሃው በሚያበቃበት አካባቢ ነው። ለእነዚያ ነጋዴዎች የቦታ ምርጫና የንግድ ምርጫ አንድ ነገር ነበሩ።

በሌላው ዓለምም ቦታን የንግድ መሠረት አድርጎ ያየ አለ። እ.ኤ.አ. በ1956 ሃሪ ሶነቦርን የተባለ የፋይናንስ ሰው ለአሜሪካው የምግብ ቤት ኩባንያ ለማክዶናልድስ አንድ መንገድ ቀየሰለት፤ ኩባንያው ራሱ ቦታውን እየመረጠ፣ እየተከራየ ወይም እየገዛ፣ ምግብ ቤቱን ለሚያካሂደው ሰው መልሶ ያከራይ ጀመር። ከኪራዩ የማያቋርጥ ገቢ አገኘ፤ ቦታው በእጁ ስለሆነም የምግቡንና የንጽሕናውን ደረጃ ማስከበር ቻለ። የቦታ ባለሙያው የንግዱን መሠረት ሠራ ማለት ነው።

የእኛ ሁኔታ ከዚያ ይለያል፤ ልዩነቱ ግን ባለሙያውን ይበልጥ ተፈላጊ ያደርገዋል። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። አንድ ድርጅት የሚይዘው ሕንፃውንና ዘመን የተቆረጠለትን የመጠቀም መብት ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ግንባታ በውሉ በተቀመጠው ጊዜ እንዲጀመርና እንዲጠናቀቅ ያስገድዳል። ስለዚህ በጨረታ ቦታ ማሸነፍ የድል ቀን ብቻ አይደለም፤ የጊዜ ቆጠራ የሚጀምርበትም ቀን ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ሊፍትና መስታወት ከውጭ ሊያስገቡ ያቀዱ ድርጅቶች የግንባታ በጀታቸውን እንደገና ለመጻፍ ተገደዱ። የንብረት ኃላፊው ከፋይናንስ ኃላፊው ጎን ተቀምጦ ዕቅዱን ካላወጣ እንዲህ ያለውን ነገር ማን አስቀድሞ ሊያየው ይችላል?

የሒሳብ ደንቡም ተለውጧል። እ.ኤ.አ. ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ቁጥር 16 ከአንድ ዓመት በላይ የሚቆይ የኪራይ ውል፣ ከጥቂት ዝቅተኛ ዋጋ ካላቸው ነገሮች በቀር፣ በተከራዩ የሀብትና ዕዳ መግለጫ ላይ እንዲታይ አድርጓል። ቀድሞ በወጪ መዝገብ ውስጥ ተደብቆ የሚያልፈው ውል አሁን ቦርዱ ፊት እንደ ሀብትና እንደ ዕዳ ይቀርባል። የእያንዳንዱን ውል ዘመን፣ የማደሻና የማቋረጫ ሁኔታ የሚያውቀው ሰው የንብረት ኃላፊው ነው፤ እኔ እንደማምነው ቦርዱ ሲመክርም እዚያው ሊገኝ ይገባል።

ወደ አገራችሁ ልመለስ። ከጎጃም ጤፍ ሰብስቦ አዲስ አበባ የሚያቀርብ ድርጅት መጋዘኑን ደጀን ላይ ይሥራ ወይስ በረሃውን ተሻግሮ ጎሐ ጽዮን ላይ? ጥያቄው የኪራይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን የተጫነ መኪና የዓባይን በረሃ ወርዶ ሲወጣ ምን ያህል ጊዜና ነዳጅ እንደሚፈጅ፣ መንገድ ሲዘጋ እህሉ በየትኛው ወገን ቢሆን እንደሚሻል፣ ገበሬው ምርቱን እስከ የት ሊያመጣ እንደሚፈቅድ ያካትታል። ቡሬ ላይ ስላለው የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክም ሆነ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ስለተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ስላለው የዓባይ ድልድይ ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሣል፤ ድልድይ ሲሠራ የሁለቱም ዳርቻ ነገር ይለወጣልና።

እናንተ የንብረት ኃላፊዎችም ልትለወጡ ይገባል፤ ይህን የምለው ራሴን ጨምሬ ነው። ካርታና ውል ይዞ መቀመጥ አይበቃም። የድርጅቱን ስትራቴጂክ ዕቅድ ማንበብ፣ ደንበኛው ማን እንደሆነ መጠየቅ፣ የከተማውን መሪ ፕላን ማወቅ፣ አንድ ቤት በርካሽ ሲገኝ ለምን እንደረከሰ መመርመር የእኛ ሥራ ነው። እኔ በወጣትነቴ ባለመጠየቄ የደረሰውን ነግሬአችኋለሁ።

የሥራ አስኪያጆችና የቦርድ አባላት፣ የእናንተ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የአዳዲስ ቅርንጫፎችና መጋዘኖች ዝርዝርም ከዚያ በፊት ይቀርብላችኋል። ዝርዝሩን ከማጽደቃችሁ በፊት የንብረት ኃላፊያችሁን ይዛችሁ፣ በገበያ ቀን፣ ሊከፈት በታሰበው በር ፊት ግማሽ ቀን እንድትቆሙ እለምናችኋለሁ። ማን እንደሚገባ፣ ማን ቀና ብሎ አይቶ እንደሚመለስ አብራችሁ ቁጠሩ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።