ያጠፋነውን ፊቸር አለ የሚል ድራይቨር

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ጠዋት ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ፣ ማምሻውን ሐረጎ ላይ ጉሙ መንገዱን ስለጋረደው ሚኒባሳችን እያዘገመ ወደ ደሴ ስንመለስ፣ ሰሞኑን ሲያብሰለስለኝ የከረመውን ነገር ከዳር እስከ ዳር ለማሰብ ጊዜ አገኘሁ። ነገሩ የኔትወርክ ካርድ ድራይቨርን፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ይመለከታል፤ በተለይም አንዳንድ ሰው ብቻ የሚፈልጋቸውን ፊቸሮች፣ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ኮምፓይል በሚደረግበት ጊዜ (ኮዱ ወደ ማሽን ቋንቋ ሲተረጎም)፣ ማስገባት ወይም ማስቀረት እንዲቻል አድርጎ ድራይቨሩን ስለማዘጋጀት ነው።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በቦታ ጥበት ምክንያት ነው። ደሴ ውስጥ ለሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል፣ እያንዳንዳቸው 4 ሜጋባይት ፍላሽና 32 ሜጋባይት ራም ብቻ ያላቸውን አሮጌ ራውተሮች መልሼ ሥራ ላይ ላውላቸው ፈልጌ ነበር። በዚያች 4 ሜጋባይት ውስጥ መሣሪያውን የሚያስነሣው ቡትሎደርም፣ ከርነሉም፣ የፋይል ሥርዓቱም፣ ተጠቃሚው ያስቀመጠው ሴቲንግም ተካፍለው ማደር አለባቸው። ኦፕንደብልዩአርቲ የተባለው የራውተር ሊኑክስም ከ19.07 በኋላ ባወጣቸው እትሞች ይህን ያህል ጠባብ ቦታ ላላቸው ዕቃዎች ፈርምዌር (ዕቃው ላይ የሚጫነውን ሶፍትዌር) ማቅረቡን ያቆመው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ የማይፈለግ ነገር ባየሁ ቁጥር እጄ ወደዚያው ይሄድ ነበር። ድራይቨሩን ስከፍተው የካርዱን ሙቀት የሚያነብ ክፍል፣ ፓኬት (በኔትወርክ የሚላክ የመረጃ ቁራጭ) የደረሰበትን ቅጽበት በሃርድዌር ሰዓት የሚመዘግብ ክፍል፣ ቼክሰም፣ ማለትም ፓኬቱ በመንገድ መበላሸት አለመበላሸቱ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ የማስላቱን ሥራ ከፕሮሰሰሩ ወስዶ ለካርዱ የሚሰጥ ክፍል፣ ሌሎችም አገኘሁ። ሰባቱን ለይቼ ለእያንዳንዳቸው ማብሪያና ማጥፊያ አበጀሁ።

በሊኑክስ ይህ የሚደረገው ኬኮንፊግ በሚባለው ቋንቋ ሲሆን፣ ከርነሉ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሚዋቀረው በእርሱ ነው። አንድ ነገር «ዋይ» ከተባለ ከከርነሉ ጋር አብሮ ይሠራል፣ «ኤም» ከተባለ ተነጥሎ የሚጫን ሞጁል ይሆናል፣ «ኤን» ከተባለ ከነጭራሹ አይኖርም። «ፊቸሩን ኢትቱል በሚባለው የካርድ ማስተካከያ ትእዛዝ ማጥፋት እየተቻለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። በኢትቱል የጠፋ ፊቸር ሥራውን ያቆማል እንጂ ኮዱ ከፍላሹም ከራሙም አይወጣም፤ ስህተት ካለበትም ስህተቱ እዚያው ተቀምጧል። ለሰኞ ገበያ የወጣ ነጋዴ አንዱን ጆንያ ሳይፈታው ይዞ ቢመለስ፣ አህያው ያንን ጆንያ ዳገቱን ተሸክሞት ወጥቷል።

ፈርምዌሩ ተጨምቆ ቦታው ውስጥ ገባልኝ፤ ራውተሮቹ ላይ ጭኜ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። በማግስቱ ረፋድ ላይ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ደወሉልኝ፤ ራውተሩን በፒንግ፣ ማለትም «አለህ?» ብሎ በሚጠይቅ አጭር ሙከራ፣ ፈትነውት ነበር።

«ወንድሜ፣ ፒንግ ሳደርገው ይመልሳል፤ ልጆቹ ግን አንድም ገጽ አልከፈተላቸውም» አሉኝ።

«መምህር፣ እስቲ ከራውተሩ አልፎ ውጭ ወዳለ አድራሻ፣ በስም ሳይሆን በቁጥር ፒንግ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ያም መለሰ። የራውተሩ የራሱ ማስተካከያ ገጽ ግን አይከፈትም ነበር፤ የድረ ገጽ ስም ወደ ቁጥር እንዲቀየር የሚቀርበውም ጥያቄ መልስ አያገኝም።

ማታ ወደ ደሴ ወጥቼ ላፕቶፔን ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኘሁና የሚመጡትን ፓኬቶች ቲሲፒደምፕ በሚባለው የፓኬት መመልከቻ ፕሮግራም አየኋቸው። ከራውተሩ ከራሱ የሚነሡት የቲሲፒና የዩዲፒ ፓኬቶች (ድረ ገጽና የስም ጥያቄ የሚጓዙባቸው) በሙሉ ቼክሰማቸው የተሳሳተ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን በላኪው መሣሪያ ላይ ሆኖ ማየት ያሳስታል፤ ቼክሰሙን ካርዱ በሚያሰላበት ጊዜ ፓኬቱ ላኪው ላይ የሚታየው ገና ሳይሰላ ስለሆነ ጤነኛውም የተበላሸ ይመስላል። ተቀባዩ ላይ የታየ ስህተት ግን በእርግጥ ስህተት ነው።

ያደረግሁት ይህ ነበር። ካርዱ ቼክሰም እንዲያሰላ ትእዛዝ የሚጽፍለትን ኮድ፣ ኢፍዴፍ በሚባለው ኮድን ከኮምፓይል በሚያስቀር ምልክት አጥሬ አስወጣሁት። ድራይቨሩ ሲነሣ «ቼክሰም ማስላት ይቻለኛል» ብሎ በከርነሉ ዘንድ የሚያስመዘግብባት አንዲት መስመር ግን በሌላ ፋይል ውስጥ ስለነበረች ሳላያት ቀረች። ከርነሉ ቃሉን አምኖ ፓኬቱን ሳያሰላ አስረከበው፤ ድራይቨሩም እንዳለ ለካርዱ አሳለፈው። ፒንግ የሠራው፣ የሚጠቀምበት አይሲኤምፒ የተባለው የፓኬት ዓይነት ቼክሰሙ ቀድሞውንም በሶፍትዌር ስለሚሰላ ነው፤ በራውተሩ በኩል የሚያልፈው የሌላ ሰው ፓኬትም ቼክሰሙን ከላኪው ይዞ ስለሚመጣ አልተነካም። የተበላሸው ራውተሩ በራሱ የሚያመነጨው ብቻ ነበር፤ የስም ጥያቄ መልስ ከእነዚህ አንዱ በመሆኑ ግን ለልጆቹ ኢንተርኔቱ በሙሉ የሞተ ያህል ሆነባቸው። ኮምፓይለሩ አንድም ማስጠንቀቂያ አልሰጠኝም። የባከነው የልጆቹ ክፍለ ጊዜ አሁንም ያሳዝነኛል።

ከዚያ ወዲህ አቋሜ ይህ ነው፦ ኮዱ ቢወጣም፣ ድራይቨሩ ስለ ፊቸሩ ለከርነሉ መናገሩን እስካልተወ ድረስ ፊቸሩ ወጣ አይባልም። ስለዚህ ሁሉንም እንደገና ጻፍኩት። ማብሪያ የሚሰጠው ፊቸር የራሱ ፋይል ይኖረዋል፤ ፋይሉ ኮምፓይል ይደረግ ወይም ይቅር የሚለውን የኮምፓይል መመሪያ በሆነው ሜክፋይል ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ትወስናለች፤ ፊቸሩ ለከርነሉ የሚመዘገብበትም ትእዛዝ እዚያው ፋይል ውስጥ ይኖራል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው አብሮት ይወጣል። ፊቸሩ በማይኖርበት ጊዜ የፈንክሽኖችን ስም የሚያስተዋውቀው ሄደር ፋይል በዚያው ስም ምንም የማይሠራ ባዶ ፈንክሽን ያቀርባል፤ ዋናው ኮድም ሳይቆራረጥ ይነበባል። ጥቂት መስመር ብቻ ሲሆን ደግሞ ከኢፍዴፍ ይልቅ «ኢዝ ኢነብልድ» የሚባለውን ማክሮ በተራ «ኢፍ» ውስጥ እጠቀማለሁ፤ ኮምፓይለሩ ኮዱን አንብቦ ትክክል መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ የማይደረስበትን ይጥለዋልና፣ የጠፋው ክፍል ሳይታይ አይበሰብስም።

ሌላው ከባድ ጉዳይ ጥገኝነት ነው። ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር አብሮ ተሠርቶ፣ የሚደገፍበት የሙቀት ንባብ ሥርዓት ግን ተነጥሎ የሚጫን ሞጁል ቢሆን፣ ከርነሉ ሲያያዝ ያልተገኘ ፈንክሽን አለ ተብሎ ሥራው ይቆማል። የኢንቴሉ አይጂቢ ድራይቨር በኬኮንፊጉ ውስጥ ይህችን አንዲት ጥምረት ለይቶ ይከለክላል፤ እኔም ያንኑ አደረግሁ። ከዚህ የባሰው የኬኮንፊጉ «ሴሌክት» የሚለው ቃል ነው፤ የተመረጠው ነገር የራሱ ቅድመ ሁኔታ መሟላቱን ሳይጠይቅ በግድ ይጎትተዋል። ድራይቨሮች የሃርድዌር ሰዓቱን ሥርዓት በዚህ መንገድ ይጎትቱ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2016 «ኢምፕላይ» የሚል ለስለስ ያለ ቃል ወደ ኬኮንፊግ ገባ፤ ይመክራል፣ ተጠቃሚው እምቢ ቢል ግን አያስገድድም። በእኔም ራውተሮች ላይ ትልቁ ቦታ የተገኘው ከድራይቨሩ ኮድ ሳይሆን እርሱ ጎትቶ ካመጣቸው ሥርዓቶች ነበር።

ሰባት ማብሪያዎች 128 ጥምረት ይሰጣሉ፤ ድራይቨሩ ራሱ አብሮ የተሠራ ወይም ሞጁል ሊሆን ስለሚችል 256 ይሆናሉ። ያንን ሁሉ የሚፈትን ሰው እኔ ጋ የለም፤ ያልተፈተነ ጥምረት ደግሞ ለሌላ ሰው ትምህርት ቤት የሚደርስ ነው። ስለዚህ ወደ ሦስት አወረድኳቸው፤ 16 ጥምረት በአንድ ላፕቶፕ ሌሊቱን ኮምፓይል ተደርጎ ያድራል። ቼክሰም ማብሪያውን አጣ፤ ክብደቱ ትንሽ ነው፣ እያንዳንዱ ፓኬት በሚያልፍበት መንገድ ውስጥም የተሸመነ ስለሆነ ተነጥሎ አይወጣም። የቀሩት የሙቀት ንባቡ፣ የሃርድዌር ሰዓቱና ፓኬት በካርዱ ላይ የሚለየው ፊልተር ናቸው። ሦስቱም ካልተነኩ «ዋይ» ናቸው፤ የሜላኖክሱ ኤምኤልኤክስ5 የኔትወርክ ካርድ ድራይቨር ኢስዊችና ኤአርኤፍኤስ ለተባሉት ፊቸሮቹ ማብሪያዎች እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ትናንት ይሠራለት የነበረ ሰው ከርነሉን ስላደሰ ብቻ የሚጎድልበት ነገር እንዳይኖር ነው።

የሙቀት ንባቡንም ላወጣው አስቤ ነበር፤ ደሴ ውስጥ በክረምት ጋቢ ለብሰን የምንቀመጥበት ክፍል ውስጥ ማን ይፈልገዋል ብዬ። ኮምቦልቻ ግን ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት፤ እዚያ ራውተር የሰቀልኩበት መጋዘን ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ቀትር ላይ ሳጥኑን በእጄ ስነካው ያቃጥላል። አሁን ከአንድ ኮድ ሁለት ፈርምዌር አወጣለሁ፤ የደሴው ላይ «ኤን»፣ የኮምቦልቻው ላይ «ዋይ»። ለቆርቆሮ ጣሪያው ራውተር ቦታ ለማግኘት የሃርድዌር ሰዓቱን አስወጥቼለታለሁ፤ ነገ ጠዋት ይዤው እወርዳለሁ።