ደስ ይበለኝ ወይስ አይበለኝ?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የፒያሳ ሱቆችን ጉዳይ እቀጥላለሁ ብዬ ነበር፣ እሱ ይቆየን። እትዬ ስለ አካል ጉዳት ድጎማዋ ከደወለችልኝ ወዲህ ከውስጤ ያልወጣ ነገር አለ።

እትዬን ታውቋታላችሁ፣ ለንደን ያለችውን፣ ባለ በርበሬዋን። ሰኔ 20፣ 2017፣ ዓርብ ዕለት ነው። አራት ኪሎ ዝናብ ይዞኝ አንድ ማኪያቶ ቤት በር ላይ ተጠልያለሁ። «ሰማህ? ለኔ ቀረልኝ» አለችኝ። ድምጿ የደስታ አይደለም። ቆየት ብላ «አሁን ደስ ይበለኝ ወይስ አይበለኝ?» አለች።

«ተመስገን በይ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አልወጣልኝም።

ነገሩን የተከታተላችሁት ታውቁታላችሁ፣ የብሪታንያው ገዥ ፓርቲ ሌበር እርስ በርሱ የተናጨበትን። መጋቢት 9 የዚያን ጊዜዋ የሥራና ጡረታ ሚኒስትር ሊዝ ኬንዳል የአካል ጉዳተኞችን ድጎማ የሚቀንስ ዕቅድ አቀረቡ፤ በዓመት ወደ 5 ቢሊዮን ፓውንድ ይቆጠባል ተብሎ። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ልክ መጋቢት 9፣ የዚያው መሥሪያ ቤት ሚኒስትር የነበሩት ኢያን ደንከን ስሚዝ በዚሁ ክፍያ ቅነሳ ሰበብ ሥልጣን ለቀው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ወግ አጥባቂ ናቸው። ፓርቲው ተቀየረ፣ ቅነሳው ዞሮ መጣ።

ክፍያው ፒፕ ይባላል፤ የሚሰጠው በነጥብ ነው። ፀጉርህን ሰው የሚያጥብልህ ከሆነ 2 ነጥብ። ከትከሻህ እስከ ወገብህ ያለውን የሚያጥብልህ ከሆነ 4። ድምሩ 8 ሲሞላ ለዕለት ኑሮ ይከፈልሃል። የእትዬ ፀጉሯ 2፣ ከወገብ በታች የሚያለብሳት ሰው 2፣ ምግብ የሚቆርስላት 2፣ ማብሰያ ላይ የምትደገፍበት መሣሪያ 2። ስምንት ሞላ። አዲሱ ሐሳብ ግን ቢያንስ በአንዱ 4 ካላገኘህ አይሆንም የሚል ነበር። እትዬ አራት የላትም። እጇ ያው እጅ ነው፣ ሕመሙ ያው ሕመም ነው።

ባለፈው እዚህ ስትመጣ አይቻታለሁ። ጣቶቿ አልታዘዝ ሲሏት እንጀራውን በሁለት መዳፏ መሃል ጨምቃ ትቆርሳለች። ወጡ ይንጠባጠባል፣ እሷ ቀና አትልም። እማዬ አየች፣ ምንም አልተናገረችም። ማጉረስ ጀመረች። በልማድ አንድ ሁለት ጊዜ የሚጎረሰውን፣ ምሳው እስኪያልቅ አጎረሰቻት። እትዬም በላች፤ ሁለቱም ጉርሻ ነው እንዳሉ ማዕዱ ተነሳ። ይህን ቅጹ ላይ የት ይሞሉታል?

ብቻ... ከ120 በላይ የራሳቸው የሌበር እንደራሴዎች ፈርመው ተነሱ፣ በሜግ ሂሊየር መሪነት። ቪኪ ፎክስክሮፍት የመንግሥት ተጠሪነታቸውን ትተው ወጡ። መንግሥት ሲጨንቀው «እሺ፣ አሁን የሚያገኙትን አንነካም፣ አዲሱ ሕግ ለአዲስ አመልካቾች ብቻ ይሁን» አለ። እትዬ ለኔ ቀረልኝ ያለችኝ ይህንን ነው።

ከዚያ ያለችው ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ልጇ ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏት ጀምረዋል። «ነገ እሷ ብትታመም በኔ ስምንት አይደለም የሚዳኟት» አለች። እናት በአንድ ሕግ፣ ልጅ በሌላ። ልዩነቱ የታመሙበት ቀን ብቻ። እና ደስ ይበለኝ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ሰኔ 24 ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በኛ፣ ክርክሩ ሳያልቅ ሚኒስትር ዴኤታው ስቲቨን ቲምስ ተነሡና የፒፑን አንቀጽ ከረቂቁ እናወጣዋለን አሉ። ቀኑን ሙሉ የተከራከሩበትን! በ335 ለ260 አለፈ፤ እንዲያም ሆኖ 49 የሌበር አባላት ተቃወሙ። በማግስቱ ወሬው ሁሉ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ስታርመር ሆነ። ተዳከሙ፣ ተዋረዱ፣ ይሰነብታሉ አይሰነብቱም። ተናደድኩ። ልብስ የሚያለብሳት ሰው የሚያስፈልጋት ሴት ጉዳይ እንዴት የአንድ ሰው ወንበር ጉዳይ ብቻ ይሆናል? ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ አራት እንደራሴዎች ከፓርቲው ቡድን ታገዱ፤ አንዷ ሬቸል ማስከል ናቸው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለውን ጥያቄ አልንቅም። ወጪው እየናረ ነው፣ እውነት ነው። ግን ቁጥሩን አስቀድሞ ወስኖ ሰውን በቁጥሩ ልክ መቁረጥ...

እዚህ እኛ ጋ በ2001 የሕንፃ አዋጅ ወጥቷል፣ 624/2001፤ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ ይመች ብሎ። አንድ መሥሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ አይሠራም። ክራንች የያዘ ሰው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ ሲያርፍ ጥበቃው «ሰው አትልክም እንዴ?» አለው። ክፉ ሰው አይደለም፣ አዝኖለት ነው ያለው። ሰውዬው ግን በራሱ እግር ወጥቶ በራሱ እጅ ሊፈርም ነው የመጣው። እዚያ ስለ ክፍያ ይጣላሉ፣ እዚህ ገና ደረጃው... አይ፣ ላወዳድር አይደለም ያመጣሁት። ለምን እንዳመጣሁት እንጃ።

አመፁ አሸነፈ ይባላል። በፒፕ፣ አዎ። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው በሚሰጠው ድጎማ፣ በዩኒቨርሳል ክሬዲት፣ የጤና ክፍያው ግን ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ለአዲስ አመልካች በሳምንት ከ97 ፓውንድ ገደማ ወደ 50 ገደማ እንዲወርድ ሆነ፤ ሕመማቸው እጅግ የከፋ ሲቀሩ። ስለዚህ የልጅቷ ጥያቄ አለ ማለት ነው። ፒፑም ቢሆን ለቲምስ ግምገማ ተላልፏል፤ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው አብረው ይሠሩታል ተብሏል። ከልብ ከሆነ ትልቅ ነገር ነው። ከሆነ።

ለእትዬ እስካሁን አልመለስኩላትም። ሌላ ሌላውን እናወራለን፣ እሷም አትጠይቀኝም። እሺ ካለች እዚህ አምጥቻት ራሷ ብትነግራችሁ ደስ ይለኛል። ልጅቷ ግን... ሐኪም ጋ ሄዳ እንደሆን እንኳ አላውቅም። ዛሬ ማታ ልደውል ይሆናል፣ እንግዲህ...