ቀበሌ አይደለም፣ አትሽሹት
የኤድንብራው ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከግላስጎውና ከፋይፍ ድረስ የመጣችሁ እንግዶቻችንም እንዲሁ። ሌሊቱን ወጥ ስትሠሩ ያደራችሁ እናቶች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ለሌላው ምስጋና ጊዜ የለኝም። አዳራሹን የተከራየነው በሰዓት ነው።

የሠራነውን ቶሎ ቶሎ ልበለው። እንቁጣጣሽን አክብረናል። የቅዳሜው የልጆች አማርኛ ትምህርት አልተቋረጠም፤ መምህራኑ አሁንም በነፃ ነው የሚያስተምሩት። ሐዘን የደረሰበት ቤት ብቻውን አላለቀሰም። አዲስ ለመጡት ሐኪም ቤት አስመዝግበናል፣ ደብዳቤ አንብበናል፣ ፎርም ሞልተናል። ይህ ቀላል አይደለም፣ ኮርቼባችኋለሁ። ዓመቱን ሙሉ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን ሳልናገር ከዚህ አልወርድም።

ጉዳዩ ኮሚዩኒቲ ካውንስል ነው። አንዳንዶቻችሁ ከወዲሁ ስልካችሁን ስታወጡ አይቻለሁ። መልሱት።

ብዙዎቻችሁ ስሙን ስትሰሙ የሚመጣባችሁ ቀበሌ ነው። አልፈርድባችሁም። ስማችን መዝገብ ላይ ባለመኖሩ የተረፍን ሰዎች አለን። ይሄኛው ግን መታወቂያ አይሰጥም፣ ማንንም አይጠራም፣ ማንንም አይቀጣም። የካውንስል ታክስ የሚያስከፍለን የከተማው ካውንስልም አይደለም፤ ያ ሌላ ነው። ኮሚዩኒቲ ካውንስል በ1973 በወጣ ሕግ የተፈጠረ የሰፈር ሸንጎ ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጠራው። በመላው ስኮትላንድ 1,200 ያህል አሉ። አባላቱ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ደመወዝ የላቸውም። ግብር መጣል አይችሉም፣ በጀታቸውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ታዲያ ምን ይሠራል ካላችሁ፣ በሰፈሩ ሊሠራ ስለታሰበ ግንባታ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ ሕጉ ያዛል። የመጠጥ ፈቃድ ሲጠየቅም ይሰማሉ። የመረጥናቸው የከተማው ካውንስለሮች እዚያው ይመጣሉ፤ ፊት ለፊት ትጠይቋቸዋላችሁ። ስብሰባው ለማንም ክፍት ነው። ለእኔም፣ ለእናንተም።

ፖርቶቤሎ ብዙዎቻችን የምንኖርባት የኤድንብራ ባሕር ዳርቻ ናት። ጎረቤቶቻችን ለስብሰባ የማይሰንፉት ያለምክንያት አይደለም። ሰፈሩ እስከ 1896 ድረስ ራሱን የቻለ፣ የራሱ ከንቲባ ያለው ከተማ ነበር፤ ከዚያ ኤድንብራ ጠቀለለችው። በ1936 የተከፈተው ትልቁ መዋኛ በ1979 ተዘጋ። የፊልም ተዋናዩ ሾን ኮነሪ በወጣትነቱ ዋናተኞችን ይጠብቅ የነበረው እዚያ ነው፤ አውቶቡስ ስትጠብቁ አጠገባችሁ የሚቀመጡ ሽማግሌ ሁሉ ይህን ሳይነግሯችሁ አይለቋችሁም። እነዚህ ሰዎች ዝም ሲሉ ምን እንደሚወሰድባቸው ያውቃሉ። ስለዚህ ቤልፊልድ የሚባለው የድሮ ቤተ ክርስቲያን ሊሸጥ ሲል ዝም አላሉም። ሕዝብ ሕንጻ የመግዛት መብት በ2015ቱ ሕግ ወደ ከተማ ሲሰፋ፣ በከተማ በዚህ መብት ለመግዛት የመጀመሪያዎቹ እነሱ ሆኑ። ዛሬ ልጆቻችሁን ለልደት የምትወስዱበት አዳራሽ ነው። ማን እንዳተረፈላችሁ የጠየቃችሁ ስንት ናችሁ?

እንግዲህ ወደ እኛ ልምጣ። በጋ ላይ ፕሮመናዱ፣ የባሕር ዳሩ መንገድ፣ ላይ ብስክሌት የአንዲት እህታችንን ልጅ ገጨው። ጉልበቱ ተላጠ፤ ተመስገን፣ ከዚያ በላይ አልሆነም። መንገዱ እግረኛና ብስክሌት የሚጋሩት ነው፣ ፀሐይ የወጣ ቀን ደግሞ መተላለፊያ የለም። የቴሌግራም ግሩፓችን ተቃጠለ! ለሳምንታት ሌላ ወሬ አልነበረም። ጉዳዩ በኮሚዩኒቲ ካውንስሉ አጀንዳ ላይ መኖሩን አየሁና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን ለጠፍኩላችሁ። ልብ ሰጣችሁኝ፣ አውራ ጣት ሰጣችሁኝ፣ እሳት ሰጣችሁኝ። ማታ ስሄድ ያገኘሁት የልጁን እናት ብቻ ነው።

ክፍሉን ልንገራችሁ፣ የሚያስፈራ ነገር እንደሌለው እንድታውቁት። የፕላስቲክ ወንበር፣ ሻይ፣ ብስኩት። ፖሊስ የወሩን ሪፖርት አቀረበ፤ የተሰረቀ ብስክሌት፣ የሚረብሹ ልጆች። ከዚያ የቆሻሻ ገንዳ፣ ከዚያ የግንባታ ማመልከቻ። ከዚያ የእኛ ጉዳይ። እህታችን የምትለውን በሱፐርማርኬት ደረሰኝ ጀርባ ጽፋ ነበር የመጣችው። እጇ ይንቀጠቀጣል። ልጄ አራት ዓመቱ ነው፣ ሰውዬው አልቆመም፣ አለች። የት ቦታ እንደሆነ ጠየቋት፣ ነገረቻቸው፣ ጸሐፊዋ መዘገበች። አንድ አዛውንት እኔም እዚያው ቦታ ሊገጨኝ ነበር አሉ። አለቀ። በሚቀጥለው ወር ቃለ ጉባኤ ላይ የእሷ ጥያቄ በአንድ መስመር ተጽፎ ወጣ። ፎቶ አንስቼ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። ከእናንተ አንዱ «ታዲያ ምን ተገኘ?» ብሎ ጠየቀኝ።

እውነቱን ልንገርህ ወንድሜ፣ ብዙም አልተገኘም። ካውንስለሯ ጉዳዩን ወሰደችው፣ መልሱ ዘግይቶ መጣ፣ ሲመጣም ለብ ያለ ነው። ግን ጥያቄው ፋይል ውስጥ ገብቷል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከባዶ አንጀምርም። አንተ ግሩፑ ላይ የጻፍከው የት ገባ?

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ግን የሲፊልድ ነገር ነው። በሌይዝና በፖርቶቤሎ መካከል ባለው በዚያ ባሕር ዳር በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ሊሠሩ ታቅዷል። የከተማው ፕላን ከአዳዲስ ቤቶች 35 ከመቶው ለባለ አነስተኛ ገቢ የሚደርሱ እንዲሆኑ ያዛል። ኤድንብራ በ2023 የቤት ችግሩን አስቸኳይ ብላ ያወጀች ከተማ ናት። ከእኛ መካከል ሦስት ልጅ ይዛችሁ በጊዜያዊ ማረፊያ አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጣችሁ አላችሁ፤ በየሳምንቱ እኔ ጋ ትደውላላችሁ። ሲፊልድ ሲነሳ ግን ማን ነው የሚናገረው? ቤት ያላቸው። ስለ መኪና ብዛት ይላሉ፣ ስለ ፎቁ ቁመት ይላሉ፣ ስለ ፍሳሽ ማጣሪያው ሽታ ይላሉ። ልክ ናቸው፣ የእነሱም ጥያቄ ጥያቄ ነው። የቤት ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ግን አንድም ቃል ሲናገር አልሰማሁም። የለማ! ወረፋ ላይ ያለው ሰው ቤቱ ተቀምጦ እኔን ይወቅሳል።

«አንተ ተናገርልን» ትሉኛላችሁ። አልናገርም። እኔ ቤት አለኝ። ጊዜያዊ ማረፊያ ውስጥ ማደር ምን እንደሆነ እኔ ሳወራውና የሚኖርበት ሲያወራው አንድ አይደለም፤ ሰዎቹም ይህን ያውቁታል።

«እንግሊዝኛችን አይበቃም» የምትሉም አላችሁ። ይህን ካሉኝ ሰዎች አንዱ ታክሲ ነጂ ነው። ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር ስለ ከተማው የእግር ኳስ ቡድኖች፣ ስለ ሃርትስና ስለ ሂብስ፣ ሲከራከር ይውላል! ዛሬ አልመጣም። የሚያውቀው ካለ ይንገርልኝ። በዚሁ ለወጣቶቹም አንድ ነገር፤ አሥራ ስድስት ዓመት ከሞላችሁ በአካባቢው ምርጫ ድምፅ ትሰጣላችሁ። ከ2020ው ሕግ ወዲህ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋ ሁሉ፣ ስደተኛውም ጭምር፣ በስኮትላንድ የአካባቢ ምርጫ መምረጥ ይችላል። ፓስፖርት እስኪመጣ መጠበቅ የለም። የአካባቢው ምርጫ በፈረንጆች ግንቦት 2027 ነው። የመራጮች መዝገብ ውስጥ ያልገባ ሰው ግን የትም አይቆጠርም፤ ለኮሚዩኒቲ ካውንስል ልወዳደር ቢልም የሚጠየቀው ይኸው ነው።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር፣ ለእናቶች። ኃይለኛ ዝናብ በዘነበ ማግስት ልጆቹን ባሕር አታስገቡ። ዝናቡ ሲበዛ የፍሳሽ መስመሩ ሞልቶ ወደ ባሕሩ የሚለቅበት ጊዜ አለ። ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 15፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ውኃው ይመረመራል፣ የየቀኑም ትንበያ በኢንተርኔት ይወጣል። ይህንንም የሰማሁት እዚያው ስብሰባ ላይ ነው።

የመዋጮውን ነገር ገንዘብ ያዣችን ትነግራችኋለች። እኔ ከተናገርኩ እቆጣለሁ። ያልከፈላችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፣ ከመካከላችሁ አብዛኛው ዛሬም የለም።

እንጀራው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ የመራጮች ምዝገባ ነው፤ በስልክ የምትሞሉትን ልጆቹ ያግዟችኋል። ሌላው በሚቀጥለው የኮሚዩኒቲ ካውንስል ስብሰባ አብሮኝ የሚመጣ ሰው ስሙን የሚጽፍበት ነው። የልጁ እናት ከወዲሁ ጽፋለች። የሲፊልድ ጉዳይ አጀንዳው ላይ አለ፤ መኪና ለሌለው ሰው መኪና አለኝ፣ አራት ሰው እይዛለሁ። አሁን የሂሳብ ሪፖርቱን እንስማ። ገንዘብ ያዣችን፣ ወደዚህ ነይ።